ምንጩን ያደረቀው ደጅ ጥናት

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ በሚገዛው ሸለቆ፣ የአራዊቱ ሥራ የሚጀመረው በደጅ ጥናት ነበር። ከርከሮ ሥራ ሥር ይቆፍራል፤ አህያ የተቆፈረውን ወደ ጎተራ ታመላልሳለች፤ ዝንጀሮ ከገደሉ ጫፍ ጠላት ይጠብቃል። ታዲያ ሁሉም ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ወጥተው፣ አንበሳ ደጅ እጅ ነስተው፣ መታየታቸውን ካረጋገጡ በኋላ ወደየሥራቸው ይወርዳሉ። ማታም እንደዚያው። ሥራው እታች፣ ጌታው እላይ! ወይ አበሳ!

መንገዱ አንድ ነው፤ እሱም ሁሉም በሚጠጡበት ምንጭ ዳር ያልፋል። ያ ሁሉ ኮቴ ሣሩን ጨርሶ አፈሩን ፈጨው። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ታጥቦ መንገዱ ቦረቦር ሆነ፤ ምንጩም ደፈረሰ። አህያ በዚያ ሰሞን ወልዳ ነበር። ጭቃ እየጠጣች ወተቷ ነጠፈ፤ የውርንጭላዋም አጥንት ይቆጠር ጀመር።

በዚህ መሃል አንበሳን መዳፉን እሾህ ወጋው። ሲያነክስ መታየት አሳፈረውና «እስክድን ማንም ደጄ እንዳይደርስ፤ ሁሉም ባለበት ይሥራ» አለ። ሠሩ። የጎደለ ነገር አልነበረም። እግር የራቀው መንገድ ሣር አበቀለ፤ ምንጩ ጠራ፤ የአህያ ጡት ሞላ። ውርንጭላዋ ሲዘል ያየች ዕለት ደስታዋን መያዝ አቅቷት ሸለቆው እስኪያስተጋባ አናፋች።

አንበሳ ዳነ። አህያ ፈራች፤ ግን ለልጅ ሲባል ምን የማይደፈር አለ? ዳገቱን ወጥታ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ እስካሁን ጎተራው ጎደለ?»

«አልጎደለም።»

«ጠላትስ ገባ?»

«ማን ደፍሮ!»

«እንግዲያውስ ባለንበት እንሥራ። ምንጩ ይረፍ፤ ልጄም ገና ነፍስ መዝራቱ ነው።»

አንበሳ አመነታ። አጠገቡ የተቀመጠችው ቀበሮ ግን ጉሮሮዋን ጠረገች። ደጅ የሚጠና ባዶ እጁን አይመጣም፤ እጅ መንሻው ደግሞ የሚያርፈው እሷ ዘንድ ነው።

«ጎተራውስ ሞልቷል፣ ጌታዬ። ግን ጧት ሲነሱ የሚሰግድልዎ ከሌለ፣ ጌትነትዎ በምን ይታወቃል?»

እዚያው ደጁ ላይ የተጋደመው አያ ጅቦ ደግሞ አፉን መያዝ መች ያውቅና! «እውነቷን ነው! ደጅ ጥናት ከቀረ እኔ ምን ልበላ ነው? በመንገድ የሚወድቀውን ደካማ አይደል የምለቅመው!» ብሎ ገለፈጠ።

አህያ ወደ አንበሳ ዞረች። «ሰሙ፣ ጌታዬ?» አለች። አንበሳ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስግደቱ ናፍቆት ነበራ! «ከነገ ጀምሮ ሁሉም ይምጣ» አለ፤ «ጡት የሚጠባም ሳይቀር።»

ሁሉም ወደ ደጅ ጥናቱ ተመለሱ። ለጋው ሣር ወዲያው አለቀ። ቦረቦሩ ተናደና ምንጩን ደፈነው። አህያ ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች ትወጣ ነበር፤ አንድ ጧት ግን ውርንጭላው ዳገቱ ወገብ ላይ ተንበረከከ። «ተነስ የኔ ልጅ፣ ደርሰናል» ብትለው አልተነሳም። አባቱም እዚያው ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል! አያ ጅቦ ከኋላ ከኋላ ሲከተል የከረመው ለዚሁ ነው። አህያ ጥላው ስትወጣ ዞራ አላየችም። አጥንቱ ሲሰበር ግን ሰማች።

ደጁ ስትደርስ አንበሳ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል።

«ውሃዬ የት ገባ?» አለ።

አህያ ቀረበችና ኮቴዋን አንስታ አሳየችው። ጭቃ ደርቆበታል።

«ይኸው፣ ጌታዬ። ምንጩን በእግራችን ይዘንልዎ ስንወጣ ነበር። ልጄንም መንገድ ላይ ትቼልዎታለሁ። ከእንግዲህ የምሰግድበት ጉልበት የለኝም።»

ይህን ብላ ወረደች። ሌሎቹም ተከትለዋት ሸለቆውን ለቀው ሄዱ። ቀበሮ እጅ መንሻ እንደማይመጣ ሲገባት ሹልክ አለች።

አንበሳ ሊያገሳ ሞከረ፤ ጉሮሮው ደርቆ እምቢ አለው። ሲዞር፣ አያ ጅቦ ብቻ ደጁ ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል።

«አንተ… ምን ትሠራለህ?» አለ በተዘጋ ድምፅ።

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ደጅ እየጠናሁ ነዋ፣ ጌታዬ!»

ከዚህ የምንማረው፣ ባለበት ሆኖ መሥራት የሚችለውን ሁሉ ለመታየት ብቻ የሚያመላልስ ጌታ፣ ምድሩንና ውሃውን አስረግጦ ሲጨርስ የጅብ እራት የሚሆነው እሱ ራሱ መሆኑን ነው።