ጭራ ያላቸው ዱባዎች

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ላሟስ ዛሬ ትተኛ፣ ደክሟታል። የማወጋችሁ ስለ ዱባ ነው። ቀረብ በሉ። አንቺ ከበሩ ተነሺ፣ ብርድ ታስገቢያለሽ። ውሸት ካገኛችሁበት ደግሞ የኔ አይደለም፤ የአያቴ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ዱባ ተንከባሎ ቤቱን በሚያውቅበት ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬት አላት፣ በሬ የላትም። ጎረቤቷ ቢተው በሬ አለው፣ መሬት የለውም። ተስማሙና የእኩል ያርስላት ጀመር።

የዚያ አገር ወግ እንዲህ ነው፦ አራሹ ምርቱን ለሁለት ይከምራል፣ ባለመሬቷ ትመርጣለች።

በዚያ ዓመት መሬቱ ዱባ ሰጠ። ምን ዱባ ብቻ! አንዷ ውስጥ ፍየል ገብታ ወለደች፤ ግልገሎቹ ቀንድ አብቅለው ነው የወጡት። አትሳቁ! ቀንዱን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ቢተው ብልጥ ነኝ ባይ ነው። ጥቂቶቹን ዱባዎች ለየና ከሐረጉ የተያያዙበትን ጭራ ከሥሩ ቆረጠ። አጠባቸው። ቅቤ ቀባቸው። ብዙዎቹን ግን ከነጭራቸው፣ ከነአፈራቸው ተዋቸው። «በውበቱ ተታላ ትንሹን ክምር ትወስዳለች፣ ብዙው ለኔ ይቀራል» አለ በልቡ።

ትርንጎ መጣች። ዞር ዞር ብላ አየች።

ትርንጎ፦ «እኔ አፈር የለበሰውን ወስጃለሁ።»

ቢተው፦ «ኧረ እትዬ! ይኼን የመሰለ የሚያበራ ዱባ ትተው?»

ትርንጎ፦ «ጭራ የሌለው ዱባ ክረምትን አያይም ልጄ። ቶሎ ብሉት።»

ቢተው፦ «የኔ ዱባ አንድ ክረምት አይደለም፣ ሁለት ክረምት ያያል!»

ተናዶ ሄደና ዱባውን ጎረቤት እንዲያይለት ከደጃፉ ቆለለው።

ትርንጎስ? ዱባዎቿን ከጣራው ላይ የኅዳር ፀሐይ አሞቀቻቸው። ከዚያም ቆጥ ላይ ጭድ ጎዝጉዛ፣ አንዱ አንዱን ሳይነካ አስተኛቻቸው። ጠዋት ጠዋት፣ የተኛ ሕፃን እንደሚገላበጥ፣ ቀስ አድርጋ ታገላብጣቸዋለች። ፀሐይዋም ልጣጫቸው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ሲመሽ ቆጡ ቢጫ ብርሃን ይተነፍሳል። አይጦቹ ቀንና ሌሊቱ ጠፍቶባቸው ሲያዛጉ ከረሙ።

ከዚያም ክረምት ገባ። ምን ክረምት! እንቁራሪቶች ጎርፉን ፈርተው ዛፍ ላይ ወጡ። ሰው የጎረቤቱን ድምፅ ከዝናቡ ውስጥ በቅል እየቀዳ ያዳምጥ ነበር። ፀሐይን ያየ የለም፤ ልጆች ስሟን ረሱት።

በነሐሴ የዝና የምትባለው የቢተው ሚስት ሴት ልጅ ወለደች። ቤቱ ባዶ ነው። ያ የሚያብረቀርቅ ዱባ ገና በግንቦት፣ ጭራው ከተቆረጠበት በኩል በስብሶ ውኃና ዝንብ ሆኗል። የእናትየዋ ጡት ደረቀ። የሕፃኗ ልቅሶ ቀጠነ፣ ቀጠነና እንደ ክር ሆነ።

ቢተው ከትርንጎ ጣራ ጠፈጠፍ ሥር ሄዶ ቆመ።

ትርንጎ፦ «ግባ እንጂ። ዝናቡን ግን እደጅ ተወው።»

ቢተው፦ «ምን ዓይን አለኝና እገባለሁ እትዬ? ልጂቱ ማልቀስ እንኳ አቃታት።»

ትርንጎ፦ «ያ ቅቤ የጠገበው ዱባህስ?»

ቢተው፦ «ጭራውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እርስዎን ላታልል ብዬ።»

ትርንጎ፦ «አውቃለሁ። የቅቤው ሽታ እኮ እኔን አልፎ ማዶ ያለውን ውሻ አስጮኸው።»

ይህን አለችና ቆጥ ላይ ወጣች። የቀሩትን ዱባዎች ሁሉ አወረደች። ወለሉ ላይ ለሁለት ከመረች።

ትርንጎ፦ «ዛሬ ለሁለት የከመርኩት እኔ ነኝ። ወግ ወግ ነው። ምረጥ።»

ቢተው ተንኮል ፈለገ። አገላብጦ አየ። ሁሉም ጭራ አላቸው። ሁለቱ ክምሮች እንደ ሁለት ዓይን እኩል ናቸው። ለመምረጥ እጁን ዘረጋና እንባው ቀደመው። ከበሩ አጠገብ፣ ዝናብ የሚረጨውን ክምር ወሰደ፤ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ለእሷ ተወላት።

ቤቱ ገብቶ አንዷን ሰነጠቃት። የኅዳር ፀሐይ ከውስጧ ነቅታ ፈሰሰች! ቤቱ ቀትር ሆነ። ዶሮዋ ነጋ ብላ እንቁላል ጣለች። ጎረቤቱ መስከረም ጠባ ብሎ እልል አለ፤ ቄሱም ተደናግረው ቀኑን እንደገና ቆጠሩ። የዝና በላች፣ ጡቷ ሞላ። ሕፃኗም ጠጥታ ጠጥታ ዓይኗን ገለጠችና የእናቷን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በብርሃን አየች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ዱባ የሚቆርጥ ሰው ጭራዋን አስረዝሞ ይተዋል። ቢተውማ አስረዝሞ አስረዝሞ፣ ሐረጉን ከነማሳው ቤት ሊያስገባው ነበር።

በሉ፣ ተረቴን ከቆጥ አውርጄላችኋለሁ፤ ሳታጋጩ መልሳችሁ አስተኙልኝ። እኔን ግን በባዶ አፍ አታስተኙኝ። ያቺ ረመጥ ውስጥ የቀበራችኋት ዱባ ሸተተችኝ። ለሁለት ክፈሏት፤ መራጯ እኔ ነኝ።