ዘነበ ወይስ ጠብ አለ?

አንድ ጊዜ በአንድ ቆላ አገር ክረምቱ ዘገየና የአራዊቱ ኩሬ ሊደርቅ ተቃረበ። ወራጅ ወንዝ ያለው የአምስት ቀን መንገድ ርቆ ነው። አህያ ገና የምትጠባ ውርንጭላ ነበረቻትና፣ ልጄ ጉልበት ሳላት ዛሬውኑ እንሂድ ብላ ለመነች። ደመና አንባቢዋ ቀበሮ ግን በየማለዳው «ዛሬ ይዘንባል» እያለች ሁሉንም በቀዬው አስቀረች።

አንበሳም የቀበሮ ቃል ከሰማዩ ጋር ለአሥር ቀን ይመሳከር ብሎ አያ ጅቦን መርማሪ አደረገው። ሹመት ለማይገባው ሲሰጥ እንዲህ ነው። ቀበሮ ወደ ኮረብታዋ ወሰደችውና፣ አጥንት እያቀመሰች፣ አንዲት ጠብታ ከወረደች ትንቢቱ እንደ ሰመረ ቁጠረው አለችው። ጅብም ጠብታ ለወረደበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጠጠር ያስቀምጥ ጀመር። አህያ በበኩሏ ሸለቆው ውስጥ አፈ ሰፊ ቅል አስቀምጣ ጠዋት ጠዋት ታየው ነበር።

በአሥረኛው ቀን አንበሳ ፊት ችሎት ተቀመጡ።

«ከአሥሩ ዘጠኙ ሰምሯል» አለ ጅብ፣ ጠጠሮቹን ዘርግቶ።

«ቅሌ ግን ደረቅ ነው» አለች አህያ። «ጌታዬ፣ ዘነበ ወይ ብለው ይጠይቁልኝ።»

«ጠብ ብሏል» አለ ጅብ።

«ጠብ ያለ ሁሉ ዘነበ ይባላል?»

ቀበሮ ፈገግ አለች። «እመት አህያ፣ ቅልሽ አንድ ነው፤ ጠጠሩ ዘጠኝ ነው።»

አንበሳ መንገዱ ገና ሳይጀመር ታክቶት ነበርና ደስ የሚለውን ወሬ አመነ። አህያ ብቻዋን እንዳትሄድ መንገዱን የጅብ ዘመዶች ሞልተውት ነበር፤ ሳትወድ ቀረች።

በሳምንቱ ኩሬው ጭቃ ሆነ፤ ጭቃውም ተሰነጣጠቀ። አራዊቱ ሳይሰነባበቱ ተበተኑ፤ ከሁሉ ቀድማ የሄደችው ቀበሮ ነበረች። ውርንጭላዋ ግን ቅሉ አጠገብ ወደቀች፤ አልተነሳችም። የእናት አንጀት ይህን እንዴት ይችላል? አህያ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች፤ እንባዋም ደረቁ ቅል ውስጥ ወረደ።

ሬሳ አሽትቶ የመጣው ጅብ ጆሮውን አቀና።

«ሰማሽ?» አላት፣ አሥረኛውን ጠጠር እያስቀመጠ። «ጠብ አለ። አሥሩም ሰመረ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላውን ቃል ሊመዝን የተቀመጠ ሚዛኑን ከራሱ ከተናጋሪው ከተዋሰ፣ የስህተቱን ዕዳ የሚሸከመው ምንም ያልተናገረው ደካማ መሆኑን ነው።