ከበሮ ሲመታ የተኛችው አህያ

አንድ ጊዜ… ኧረ ቆዩ፣ ሳቄ ይውጣልኝ! ገና ሳልጀምረው ጎኔን ወጋኝ እኮ። ዋናው ጉድ ያለው ወደ ኋላ ነውና ታገሱኝ።

እና አንድ ጊዜ አንበሳ በየዓመቱ ወንዝ ዳር ሩጫ ያሮጥ ነበር። ከአንድ እስከ ሦስት የወጣ፣ በጋውን ሙሉ ከነልጆቹ የወንዙን ለምለም ሣር ይግጣል፤ የቀረው አቧራ ይልሳል። ዳኛው ማን ይመስላችኋል? አያ ጅቦ! አህያ ስታልፍ ሆዱ የሚጮህ ዳኛ!

ባለፈው ዓመት አህያ ሦስተኛ ስትገባ ምራቁን ዋጥ አደረገና «አህያ ቁርስ ናት እንጂ ሯጭ አይደለችም፤ አልቆጥራትም!» ብሎ አራተኛ የገባውን ፈረስ ሦስተኛ አደረገው። ሩጫውን ከገደሉ ላይ ሆነው የሚያዩት ዝንጀሮዎችም «ጭነትሽን የት ጣልሽው?» እያሉ በፋንድያ ወገሯት። በዚያ በጋ ውርንጭላዋ የጎኑ አጥንት እስኪቆጠር ከሳ።

ዘንድሮም ቀኑ ደረሰ። ከሩጫው በፊት ለአንበሳ ክብር ከበሮ ይመታል፤ ሁሉም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ልማድ ነው። ከበሮው ድም ሲል ፈረሶቹ አንገታቸውን አቀኑ፣ በቅሎም ደረቷን ነፋች። አህያ ግን መነሻው ላይ እግሯን አጥፋ ዘፍ!

«ተነሺ አንቺ ደንቆሮ!» ብለው ዝንጀሮዎቹ አገሩን ቀወጡት።

ቀበሮ ሹክክ ብሎ ጆሮዋ ሥር ደረሰ። «እሜቴ አህዪት፣ ላንቺው አዝኜ ነው፤ ብትነሺ አንድ ቁና ገብስ አሰጥሻለሁ።»

«ገብሱን ለአያ ጅቦ ስጠው፣ ቁርሱን ይቀይርበት።»

አንበሳ አገሳ። «ከበሮዬ እየተመታ ትተኛለሽ?»

«ንቀት አይደለም ጌታዬ። ሮጬም ከሯጭ ካልተቆጠርኩ፣ ብተኛስ ምን ይቀርብኛል?»

«ለእኔ ይስጡኝ፣ እኔ አነሳታለሁ!» አለ ጅብ፣ ለሀጩን እያዝረበረበ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ያቺ አምና አንደኛ የወጣችው በቅሎ፣ አባትሽ ማነው ሲሏት «እናቴ ፈረስ ናት» የምትለው ኩሩዋ፣ ጭራዋን ወዝወዝ አድርጋ ከአህያ ጎን ዘፍ አለች።

«አንቺን ደግሞ ምን ነካሽ?» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ አባቴ አህያ ነው።»

አንዱ ዝንጀሮ የያዘው ፋንድያ እግሩ ላይ ወደቀበት።

«እሷ ካልተቆጠረች እኔም ግማሼ አልተቆጠረም» አለች በቅሎ። «በግማሽ ገላ ደግሞ አይሮጥም።»

ያ አምና በአህያ ቦታ ሦስተኛ የተባለው ፈረስም «እኔም ያ ሣር ጉሮሮዬ ላይ ቀርቶብኝ ነበር» ብሎ ጉልበቱን አጠፈ። ፈረሶች፣ እነዚያ ቆመው የሚያንቀላፉት፣ አንድ በአንድ ተኙ!

ቀበሮ የሚያሾፍበት አያጣም። «አያ ጅቦ፣ ሯጭ አልቋል፤ ብቻህን ብትሮጥ ሣሩ ሁሉ ያንተ ነው» አለው። ጅብ ሆዬ ፈረጠጠ! ጅብ ሣር ምን ያደርግለታል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እሱም አልጠየቀም። መንገድ ላይ የጥንብ ሽታ አወደው፣ ወደ ገደሉ ታጠፈ፣ በዚያው ቀረ።

አንበሳ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ የወጣው ግን ሳቅ ነው። «በሉ ተነሱ! ከእንግዲህ የመድረሻውን ገመድ የነካ ይቆጠራል፤ ቆዳው አይጠየቅም። ዳኛም ኤሊ ትሁን፤ ቢያንስ ማንንም አትበላም!»

ተሮጠ። በቅሎ አንደኛ፣ አንድ ፈረስ ሁለተኛ፣ አህያ ሦስተኛ ገቡ። ውርንጭላው ወዲያው ሣሩ ውስጥ እስከ ጆሮው ጠለቀ።

ቀበሮ ግን አላስችል ብሎት «ይህ ሁሉ መተኛት ለሦስተኛ ነው እንዴ?» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ በማይቆጥርህ ፊት ቀጥ ብሎ መቆም ክብር አለመሆኑን ነው፤ አህያም አፏን በሣር ሞልታ ለቀበሮ የመለሰችለት ይህንኑ ነው፦ «ሦስተኛ ነኝ፤ ቁጠረኝ!»