የአቶ ቢተው ዳንቴል የለበሱ ኮምፒውተሮች

እኛ ወይራ ማዶ፣ አንድ ሰው አዲስ ብርድ ልብስ ገዝቶ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ እሱ በአሮጌ ጋቢ ሲንቀጠቀጥ ካደረ፣ ወይም አንዲት እመቤት የሰርጓን ብርጭቆ «ለእንግዳ ነው» እያለች ልጆቿን በጣሳ ካጠጣች፣ ጎረቤት ከት ብሎ ይስቅና አንዲት አባባል ጣል ያደርግባቸዋል። አገሩን የማያውቅ ሰው ይህችን አባባል ሲሰማ ግራ ይጋባል። ባለፈው አንድ አዲስ የተመደበ የባንክ ሠራተኛ «ከጥንት አባቶች የወረደች ናት አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ጥንት አመጣው! የጥንት አባቶች ኮምፒውተር የት አይተው ነው? አባባሏ ስትወለድ እኔ እዚያው ነበርኩ። ያውም ወንበር ላይ ቆሜ! እስቲ ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ያኔ በወይራ ማዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ርዕሰ መምህራችን አቶ ቢተው ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሐሜት እንዳይመስልብኝ ይህን አስቀድሜ ልናገር። የታመመ ተማሪ በጀርባቸው አዝለው ጤና ጣቢያ ሲወስዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ንብረት ይፈራሉ። ሰው ጅብ ይፈራል፣ እባብ ይፈራል፤ እሳቸው ንብረት ይፈራሉ። በፊት ይሠሩበት በነበረው ትምህርት ቤት የግድግዳ ሰዓት ጠፍቶባቸው «የት አደረሱት?» እየተባሉ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ነው አሉ ጸጉራቸው የሸበተው። ሰዓቱ ኋላ ኮርኒስ ውስጥ ተገኘ። እንዳይሰረቅ ብለው ራሳቸው ሸሽገውት ረስተውት ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ አላየሁም።

ኮምፒውተሮቹ በጭነት መኪና የመጡ ዕለት ከተማው ሁሉ ነቅሎ ወጣ። ሃያ ኮምፒውተር! ልጆቹ ጨፈሩ፣ እኛም እየተሻማን ካርቶን አወረድን። አቶ ቢተው ግን ፊታቸው አመድ መስሏል። ርክክቡን ፈርመው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ሃያ የግድግዳ ሰዓት ያሸከሙኝ ነው የመሰለኝ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ሳይውሉ ሳያድሩ አንድ ክፍል አስጠርገው ኮምፒውተሮቹን ደረደሯቸው፤ መስኮቱን በብረት አሳጠሩ፣ በሩን በሁለት ቁልፍ አስቆለፉ፣ ቁልፎቹን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ከዚያ ባለቤታቸውን ለምነው ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ዳንቴል አሠሩለት። መቼም እኛ አገር ቴሌቪዥን ራቁቱን አይቀመጥም፣ ነውር ነው። የአቶ ቢተው ኮምፒውተሮች ግን ከቴሌቪዥን በላይ ተሞሸሩ። ማሳያው ለብቻው፣ ሳጥኑ ለብቻው፣ ማውሱ ሳይቀር የሕፃን ኮፍያ የምታክል ዳንቴል ደረሰችው። ዳንቴሉ ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ላስቲክ ተደረበበት። በየሳምንቱ አርብ አቶ ቢተው ጫማቸውን አውልቀው ይገቡና ላስቲኩን ወልውለው፣ ቆልፈው ይወጣሉ። በቃ፣ የኮምፒውተር ትምህርታችን ይኸው ነበር።

ባንቺአምላክ የምትባል የኮምፒውተር መምህርት ነበረችን፤ ሁላችንም ባንቺ ነው የምንላት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ የሆዷን በሆዷ የማታሳድር ልጅ ናት። በየሳምንቱ ከአቶ ቢተው ቢሮ በር ላይ አትጠፋም።

«ጋሼ፣ ኧረ ይክፈቱልኝ! ልጆቹ ይንኩት።»

«ከነኩት ይሰበራል።»

«ይሰበር! ይጠገናል።»

«ይሰበር? የፈረምሽው አንቺ ነሽ? እኔ ነኝ የፈረምኩት!»

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር እንደ በቅሎ ነው፤ ሳይጫን ከከረመ ይለግማል። ውስጡ መጽዳት አለበት። ፕሮግራሙም በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ካልበራ በምን ይታደሳል? የቫይረስ መከላከያም ልንጭንበት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው እኮ ጋሼ።»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ለመሆኑ ያልበራ ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞት ያውቃል?»

ባንቺ ጠመኔዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እውነት ነዋ! ያልተወለደ ልጅ ኩፍኝ አይዘውም።

ምን ታድርግ? ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኪቦርድ ሣለች። ተማሪ እየወጣ በጣቱ ፊደል ይጫናል፣ ጠመኔው ይለቅቃል፣ እሷ መልሳ ትሥላለች። ለማውስ የልብስ ሳሙና ግማሽ ግማሽ እየቆረጠች አደለቻቸው። ተማሪው ሳሙናውን ዴስኩ ላይ ይገፋል፣ በጣቱ ይጫናል፣ በአፉ «ቀጭ!» ይላል። ሁለቴ መጫን ሲሆን «ቀጭ ቀጭ!»። በኮሪደሩ ያለፈ ሰው የበግ መንጋ ሣር የሚግጥ ይመስለው ነበር። እኔ አጠገባቸው ባለው ክፍል ስለ ስምጥ ሸለቆ እያስተማርኩ ያ «ቀጭ ቀጭ» ሲያናድደኝ ነው ሁለት ዓመት ያለፈው።

በሦስተኛው ዓመት ግን ሳቁ ቀረ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ነው ተባለ። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደው፣ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብለው፣ በማውስ እየጫኑ መልስ ሊሰጡ ነው። የኛ ልጆች ደግሞ ከሳሙና በቀር የጨበጡት የለም።

ከሁሉ የባሰባቸው አያ ልየው ናቸው። አያ ልየው ንብ አናቢ ሽማግሌ ናቸው፤ የወላጅ ኮሚቴውም ሰብሳቢ ነበሩ። ከስድስት ልጆቻቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው የመጨረሻዋ፣ የዝና ብቻ ናት። እሷም የክፍሉ አንደኛ። «ይህችን ልጅ ሳላስመርቅ አልሞትም» እያሉ ነው በምርኩዝ የሚሄዱት። አንድ ቀን አቶ ቢተው ቢሮ ገቡና ቆመው ለመኑ።

«አቶ ቢተው፣ ይክፈቱላቸው እባክዎ። ልጄ ጭንቀት እንቅልፍ ነስቷታል።»

«አያ ልየው፣ ይቀመጡ እንጂ! ምን ያስጨንቃታል? ባንቺ ስትነግረኝ በሳሙና እሷን የሚያህል የለም።»

አያ ልየው ሳይቀመጡ ወጡ።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ቤቶች ስለ ኮምፒውተሮቻቸው ሪፖርት ይልካሉ። ሌላው ኪቦርድ ተሰበረ፣ ማውስ ጠፋ፣ ቫይረስ ገባ እያለ ያለቅሳል። የኛ ሪፖርት ግን ብልሽት፣ የለም! ስርቆት፣ የለም! ቫይረስ፣ የለም! ሦስት ዓመት በተከታታይ። በሉ ተባለና በኮምፒውተር አያያዝ ሞዴል ትምህርት ቤት ሆነን ቁጭ! የአካባቢው ርዕሳነ መምህራን ለልምድ ልውውጥ ይመጣሉ፣ አቶ ቢተው ምክራቸውን ያካፍላሉ ተባለ። ባንቺ ይህን ስትሰማ ስቃ ስቃ መጨረሻ ላይ አለቀሰች።

እንግዶቹ መጡ። በግ ታርዷል፣ ለስላሳ ተደርድሯል፣ እኔ የመስተንግዶ ኮሚቴ ነኝ። አቶ ቢተው አዲስ ክራቫት አስረው፣ ያንን ክፍል ከፍተው፣ እንግዶቹን ጫማ አስወልቀው አስገቡ። ሃያው ኮምፒውተር ዳንቴሉን ለብሶ ተደርድሯል። እንግዶቹ «ወይ ንጽሕና!» አሉ። አያ ልየውም በሰብሳቢነታቸው ከነምርኩዛቸው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«የመጀመሪያው ምክሬ» አሉ አቶ ቢተው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ምክሬ፣ ቁልፉን ለማንም አለመስጠት ነው። ሦስተኛ፣ የኮምፒውተር ዋናው ጠላት የሰው እጅ ነው።»

እንግዶቹ ይጽፋሉ። አይ የሰው ልጅ! በእርጋታ የተነገረው ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል።

ከእንግዶቹ መሃል የጎረቤታችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ዘነበች ነበሩ። ደግ፣ ፊታቸው የማይጠቁር ሴት ናቸው። እጃቸውን አወጡና «እኔስ አፈርኩ» አሉ። «የእኛዎቹ ግማሾቹ ጥርሳቸው የረገፈ ነው። ልጆቹ ሲጨቃጨቁባቸው ነው የሚውሉት። እናንተ ተማሪ እያስተማራችሁባቸው እንዲህ አዲስ ሆነው መኖራቸው ይገርማል! እስቲ አንድ ተማሪ ሲሠራ አሳዩንና ዘዴውን እንቅሰም።»

አቶ ቢተው ክው አሉ። እምቢ እንዳይሉ ሞዴል ናቸው፣ እሺ እንዳይሉ ተማሪ ነክቷቸው እንደማያውቅ ያውቃሉ። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩና «የዝናን ጥሯት» አሉ።

የዝና መጣች። ባንቺ የፊተኛውን ኮምፒውተር ላስቲክ አነሳችና አፍንጫዋን ያዘች። እኔም እስካለሁበት ሸተተኝ። የምን ሽታ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልነበረም። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፣ ሰው ሁሉ ያያታል፣ አባቷ አንገታቸውን አስግገዋል። ማውሱን ኮፍያውን አወለቀችለት፤ ጨበጠችው፤ ሽቦውን አይታ ደነገጠች። ሳሙና ሽቦ የለውማ! ገፋ አደረገችውና ከልማድ የተነሣ ጮክ ብላ «ቀጭ!» አለች።

አንድ እንግዳ ሳቁ አመለጠው።

«ገና አልበራም፣ የኔ እናት» አለች ባንቺ። ሶኬቱን ሰክታ ማብሪያውን ተጫነች። ወፍ የለም። ደግማ ተጫነች። ጭጭ። የሳጥኑን ዳንቴል ገለጥ ስታደርግ ከኋላው ቀዳዳ አንዲት የደለበች አይጥ ብቅ አለች። አየችን፣ አየናት። ከዚያ ዘልላ ኪቦርዱ ላይ ወጣችና ከዳር እስከ ዳር ፊደሉን ሁሉ እየረገጠች ሄደች። ተከትለዋት ግልገሎቿ!

በስመአብ! ያ ሁሉ ርዕሰ መምህር በካልሲው ወንበር ላይ ወጣ። እኔም ወጣሁ፤ አይጥ እፈራለሁ፣ ምን አለበት? ባንቺ ዳንቴል በገለጠች ቁጥር አይጥ ይወጣል። ለካ በስተጀርባ ያለው ክፍል የግብርና ክበቡ በቆሎ መጋዘን ነው። አይጦቹ ግድግዳውን ሰርስረው፣ በቆሎውን እዚያ እየበሉ እዚህ ያድራሉ። ሽቦውን በልተው፣ ዳንቴሉን ከኋላ በኩል በጫጭቀው ጎጆ ሠርተውበታል። እንዴት ያለ ሙቀት! እንዴት ያለ ሰላም! ማንም አይነካቸው።

አንዱ እንግዳ ከወንበሩ ላይ ሆኖ «አቶ ቢተው፣ አራተኛው ምክር ድመት ነው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

የዝና ግን አልሳቀችም። ማውሱን እንደያዘች ወደ አባቷ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«አባ» አለች፣ «ፈተናውን በሳሙና ያስፈትኑኝ ይሆን?»

ሳቁ ቀጥ አለ። አንጀቴን በላችው፣ እውነቴን ነው። ወይዘሮ ዘነበች ከወንበራቸው ወርደው ባዶ እግሯን ያለችውን ልጅ ደረታቸው ላይ አስጠጓት።

«ስሚ የኔ ልጅ» አሉ። «የኛ ኮምፒውተሮች ያረጁ ናቸው፣ ፊደላቸው የተፋቀ ነው። ግን ይበራሉ። ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ከጓደኞችሽ ጋር ኑ። የኛ ልጆች ያሳዩአችኋል። አቶ ቢተው፣ ይህን አይከለክሉም መቼም?»

አቶ ቢተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጆቹም በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መሃል ያለውን ወንዝ እየተሻገሩ ሄዱ፣ ተማሩ። የዝና መጀመሪያ ሰሞን «ቀጭ» ማለቱን መተው አቅቷት ቢስቁባትም፣ ፈተናውን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከሃያዎቹም ስምንቱን ባንቺ ከዚህ ፈትታ ከዚያ ገጥማ አስነሳቻቸው፤ ዛሬ ልጆች ሲጨቃጨቁባቸው ይውላሉ።

ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። እንግዶቹ ጫማቸውን ፍለጋ ሲወጡ፣ አቶ ቢተው የተበጫጨቀ ዳንቴል በእጃቸው ይዘው መሃል ክፍሉ ላይ ቆመው ቀሩ። ቁልፎቹን ከአንገታቸው አውልቀው ለባንቺ ሰጧት። ከዚያ ወደ አያ ልየው ዞሩ። እንባ እንባ ብሏቸዋል።

«አያ ልየው፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ ይፍረዱኝ። አልሰረቅሁ፣ አልሸጥሁ። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅኋቸው። ጥፋቴ ምንድን ነው?»

አያ ልየው ተቆጥተው ነበር፤ የልጃቸው እንባ ገና ከዓይናቸው አልወጣም። ሰውየውን ቢያዩዋቸው ግን አሳዘኗቸው። በዚያ መሃል ያቺ የደለበች አይጥ ከግልገሎቿ አንዱን በአፏ አንጠልጥላ፣ ማንንም ሳትፈራ፣ በኪቦርዱ ላይ ተመልሳ አለፈች። ሽማግሌው አይጧን በምርኩዛቸው አሳዩአቸውና እንዲህ አሉ፦ «አቶ ቢተው፣ መጠበቁንስ ጠብቀዋል፤ ግን ከተማሪ የደበቁት ኮምፒውተር አይጥ ይመረቅበታል።»