የአለሁ ኮረብታ

በቻይና አገር፣ ቢጫው ወንዝ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ፣ የሰው እጅ የከመረው አንድ ትልቅ ጉብታ አለ፤ የአካባቢው ሰዎች «የአለሁ ኮረብታ» ይሉታል። ከቀብር የሚመለሱ ሁሉ እግሩ ሥር ይቆሙና፣ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋችው ሴት የእያንዳንዱን ስም ትጠራለች፤ የተጠራውም «አለሁ!» ሳይል ወደ ቤቱ አይገባም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በጥንት ዘመን ከመቃብር በታች ሌላ ቤተ መንግሥት፣ ሌላ ግብዣና ሌላ ዘፈን እንዳለ ይታመን ስለነበር፣ ንጉሥ ሲሞት አገልጋዮቹ በሕይወት እያሉ ከእሱ ጋር መቃብሩ ይዘጋባቸው ነበር። በዚያ ዘመን ጓን ሹ የሚባል፣ ሚስቱ ሞታበት ከሴት ልጁ ከሩይ በቀር ሰው ያልነበረው ሸክላ ሠሪ ይኖር ነበር። ሩይ በቤተ መንግሥት እንደ ክራር ያለ አውታር ትመታ ነበርና፣ ንጉሡ ሲያርፍ ተከትለውት ከሚገቡት ሴቶች ጋር ተመደበች።

ጓን ሹ ይህን ሲሰማ የእጁን ጭቃ እንኳ ሳይታጠብ ሄዶ በሟቹ እናት፣ በአሮጊቷ እቴጌ እግር ላይ ወደቀ ይባላል።

«እመቤቴ፣ ልጅዎ ዘፈን ይወዱ ነበር። እነዚህ ሴቶች ቢዘጋባቸው ግን ብዙም ሳይቆዩ አስከሬን ይሆናሉ፤ አስከሬን ደግሞ አውታር አይመታም። በእሳት ያለፈ ሸክላ አይራብም፣ አያረጅም።»

«ጭቃ ልጄን ያጫውተዋል?» አሉ እቴጌይቱ።

«ሠርቼ ላሳይዎት።»

የሠራው ሩይን ነበር፤ የአውታሩን ድምፅ ስታዳምጥ እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አድርጋ። እቴጌይቱ ምስሉን በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ይህችን አውቃታለሁ። ልጄ ታሞ እንቅልፍ እምቢ ሲለው የምታስተኛው እሷ ነበረች» ብለው አለቀሱ። በሴቶቹም ፈንታ ሸክላ እንዲገባ ፈቀዱ።

የቀብሩ ሹም ግን አልተዋጠለትም። «በሩ ከመዘጋቱ በፊት ስማቸው ይጠራ» አለ። «የመለሰች ከሕያዋን ናት። ዝም ያለች ግን ነፍሷ ቀድማ ወርዳለችና፣ ሥጋዋም ትከተል።»

በቀብሩ ዕለት እቴጌይቱ ራሳቸው እየጠሩ ሴቶቹ አንድ በአንድ «አለሁ» አሉ። የሩይ ተራ ሲደርስ፣ ዓይኗን ከጨለመው የመቃብር አፍ መንቀል አቅቷት ሳትመልስ ቀረች። ሹሙ ወደ እሷ ተራመደ። ጓን ሹ እሱ ቢመልስላት እንደማይቆጠር ያውቃልና ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ያን ጊዜ እቴጌይቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሄደው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ከመቃብሩ አዞሩት።

«ሩይ፣ ልጄ፣ እኔን እዪኝ። አለሽ?»

«አለሁ!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷ ከወንዙ ማዶ ተሰማ ይባላል። ጓን ሹ መሬት ላይ ተቀምጦ እየሳቀ አለቀሰ። ከኋላቸው በሩ በሸክላዎቹ ላይ ተዘጋ፤ አባትና ልጅም ተደጋግፈው ወደ ቤታቸው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሰው ከሙት ጋር አልተቀበረም ይላሉ።

በቅርቡ የቁፋሮ ባለሙያዎች መጥተው የጉብታውን አንድ ጥግ ሲከፍቱ፣ አውታር ታቅፈው የተቀመጡ የሸክላ ሴቶች የሞሉበት ክፍል አገኙ፤ አጠገባቸው አንድም የሰው አጥንት አልነበረም። ወሬው መንደር ሲደርስ ሴቶቹ እልል አሉ። ባለሙያዎቹም አቧራቸውን አራግፈው ሊሄዱ ሲሉ፣ አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አስቁማ ስማቸውን በየተራ ጠየቀቻቸው።