የጓንጉል ጥሩምባ

ሁለት መኪኖች ተፋጭተው ሾፌሮቹ በአስፋልት መካከል ሲጨቃጨቁ ያላየ የከተማ ሰው አይገኝም። አንዱ የተጨረመተውን በር እያሳየ ይከሳል፤ ሌላው ደረቱን ነፍቶ «ከሩቅ ነፍቼልህ አልነበረም ወይ?» ይላል። በዚህ ጊዜ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል በዕድሜ የገፋ አንድ ሰው ሦስት ቃላት ጣል ያደርግና መንገዱን ይቀጥላል፤ ደረቱን የነፋውም አፉን ይይዛል። አባባሉን ብዙዎች ያውቁታል፤ መነሻውን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ወጣቶች እንደ ቀልድ ይዘውት ይስቁበታል። ነገሩ ግን በሳቅ አልተጀመረም፤ የሰው ሕይወት ተከፍሎበታል።

ከግራር አምባ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ቁርጥ ገደል ከሚባለው ስፍራ ሲደርስ በአለት ተጋርዶ ይታጠፋል። ኩርባው በአንድ ወገን አለት፣ በሌላው ወገን ገደል ነው፤ ወርዱም ከአንድ መኪና በላይ አያሳልፍም። የሚወርደው የሚወጣውን፣ የሚወጣውም የሚወርደውን አያይም። የዚያ አገር ሾፌሮች በየወሩ የገብርኤልን ጽዋ የሚጠጡበት ማኅበር ነበራቸውና፣ በማኅበራቸው መክረው በኩርባው ላይ ጠባቂ አቆሙ። ጠባቂው ሞገሴ ይባላል፤ መንገዱ ሲቆረጥ ድንጋይ ተንከባሎ አንድ እግሩን የሰበረው አሮጌ የቀን ሠራተኛ ነበር። ሥራው ከአለቱ ጫፍ ተቀምጦ ግራና ቀኝ ማየት፣ በአንድ በኩል መኪና ሲመጣም በሌላው በኩል ለሚመጣው ነጭ ጨርቅ ማንሣት ነው። ጨርቅ የተነሣበት ይቆማል፤ ጨርቁ ሲወርድለት ያልፋል። ለዚህም እያንዳንዱ ሾፌር በየወሩ አንድ ቁና እህል ይሰፍርለታል። በስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ኩርባ አንዲት ዶሮ እንኳ አልሞተችም።

የማኅበሩ አለቃ፣ በጽዋ ማኅበር ልማድ ሙሴው የሚባለው፣ ጓንጉል ነበር። በጭነት መኪናው ጣሪያ ላይ ሦስት አፍ ያለው ጥሩምባ ከጅቡቲ አስመጥቶ አስተክሏል። ድምፁ ሁለት ኩርባ ተሻግሮ ይሰማል፤ በተሰማም ጊዜ ከብት ነጂው ከብቱን፣ አህያ ነጂው አህያውን ወደ ዳር ይሰበስባል፤ ቀብር የሚወርድ ሰው ሳይቀር አስከሬኑን ተሸክሞ ዳር ይይዛል። ከሞገሴ ጨርቅ በቀር ጓንጉል ከብዙ ዘመን ጀምሮ መንገድ ተዘግቶበት አያውቅም። መንገዱን የሚከፍትለት የሌላው ሰው ጥንቃቄ መሆኑን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰበውም፤ ጥሩምባው ይመስለው ነበር።

ከሾፌሮቹ ሁሉ የሚወደው ይርዳውን ነው። ይርዳው በትንሽ አውቶቡስ ሰው የሚያመላልስ፣ ንግግሩም አነዳዱም የረጋ ሰው ነበር። ሁለቱ መንዳትን ባንድ መኪና ላይ ተምረዋል፤ ይርዳው የጓንጉልን የመጨረሻ ልጅ ክርስትና አንሥቶ አበልጅ ሆነዋል።

አንድ የሰኔ ቀን ጓንጉል እህል ጭኖ ሲወርድ በቁርጥ ገደል ጨርቅ ተነሣበት። ጥሩምባውን ነፋ፤ ጨርቁ አልወረደም። ደግሞ ነፋ። በመጨረሻ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ጋሼ ሞገሴ፣ ጥሩምባዬን አልሰማህም ወይ?»

«ሰማሁ። ጆሮዬ ደኅና ነው፤ የተሰበረው እግሬ ነው።»

«ታዲያ ማንን ነው የምታስጠብቀኝ?»

«ይርዳውን። ሰው ጭኖ እየወጣ ነው።»

«የት አለ? እኔ የማየው መኪና የለም።»

«እኔስ እዚህ የተቀመጥኩት አንተ የማታየውን ላይልህ አይደለም እንዴ?»

በስተኋላው ሌሎች መኪኖች ተሰልፈው ነበር። ካሣዬ የተባለው ወጣት ሾፌር ከመሪው ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ፣ «ሙሴ፣ ዛሬ ባሕሩ አልከፈል አለህ?» አለው። የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። ይርዳው ቀስ ብሎ ወጥቶ እጁን ለሰላምታ ሲያነሣ፣ ጓንጉል ሰላምታውን አልመለሰም። ያቺ ሳቅ ከደረቱ ገብታ ቀርታ ነበር።

በሚቀጥለው የማኅበር ቀን ጽዋው ከተጠጣ በኋላ ክርክር ተነሣ። አንዱ «የሚወርድ ጭነት ይቅደም፤ ቁልቁለት ላይ መቆም አደጋ ነው» አለ። ሌላው «የሚወጣ ይቅደም፤ ዳገት ላይ የቆመ መኪና ወደ ኋላ ይሄዳል» ሲል መለሰ። አንዱ ያንዱን አነዳድ ነቀፈ፤ ያለፈ ዓመት ጭረት ሳይቀር ተቆጠረ። ጓንጉል ሁሉም እስኪደክማቸው ጠብቆ ተናገረ።

«አንድ አንካሳ ሽማግሌ በጨርቅ ሲያግደን መኖር የለብንም። ጥሩምባ አለን። ከኩርባው በፊት ቀድሞ የነፋ ይለፍ፤ የሰማ ይቁም። ነገሩ ይኸው ነው።»

«እኩል ብንነፋስ?» አለ ይርዳው።

«ቀድሞ የነፋ አልኩ እኮ።»

«ማን እንደ ቀደመ ማን ይዳኛል? ጥሩምባ የሚነፋ ሰው የሚሰማው የራሱን ነው።»

«ጋሼ ይርዳው» አለ ካሣዬ፣ «አንተን እኮ ኤሊ ጥሩምባ ነፍታ ታልፍሃለች።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሳቁ በኋላ እጅ ይነሣ ተባለ። የሁሉም እጅ ተነሣ፤ የይርዳው ብቻ ከጉልበቱ ላይ ቀረ። የሞገሴ ቁና እህል በዚያው ቀን ተቋረጠ። ጓንጉል ከመካከላቸው ሁሉ የመንገዱን ክፋት የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ክፋቱን ያወቀበትን ዘመን ግን ለአንዲት ሳቅ ሸጠው።

ከበራፍ ላይ ይርዳውን ያዘው።

«አበልጄ፣ ተቀየምከኝ?»

«አልተቀየምኩህም። ፈራሁልህ እንጂ።»

«ለእኔ? ጥሩምባዬ እኮ ሩቅ አገር ይሰማል።»

«እሱን ነው የፈራሁት» አለና ይርዳው ወደ መኪናው ሄደ።

ከዚያም በቀጥታ ወደ ሞገሴ ወርዶ ነጩን ጨርቅ ለምኖ ተቀበለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኩርባው በታች መኪናውን ያቆማል፤ ወርዶ በእግሩ እስከ አለቱ ይሄዳል፤ ከላይ የሚወርድ ካለ ጨርቁን አንሥቶ አስቁሞ፣ አውቶቡሱ የሚያልፍበትን ስፍራ ያስለቅቃል፤ ከሌለም ተመልሶ ያልፋል። ሾፌሮቹ «የሞገሴ ወራሽ» የሚል ስም አወጡለት። ሞገሴ ደግሞ እህሉ ቢቀርበትም ልማዱ አልለቅ ብሎት፣ በየቀኑ ከአለቱ በላይ ካለው ጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ መንገዱን ያያል።

ሁለት ወር ያህል ክፉ ነገር አልደረሰም። ሾፌሮቹም ሕጉ ያዳናቸው መሰላቸው።

በነሐሴ መጨረሻ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ረፋዱ ላይ አባራ። ጓንጉል ሠላሳ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ለቆላው ገበያ ይቸኩላል። ቁርጥ ገደልን ገና ከሩቅ ሲያይ ጥሩምባውን ነፋ፤ መልስ አልሰማም፤ እንደ ሕጉም መንገዱ የእርሱ ሆነ። ወደ ኩርባው ሃምሳ እርምጃ ያህል ሲቀረው በመንገዱ መካከል የቆመ ሰው አየ። ሰውዬው ነጭ ጨርቅ አንሥቷል። መጀመሪያ ሞገሴ መሰለው፤ ነገር ግን የቆመው በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ነው። ይርዳው መሆኑን ባወቀ ጊዜ ከመደንገጥ ይልቅ ተናደደ። ሕግ ከወጣ በኋላ፣ ማኅበርተኛ ሁሉ እጁን ካነሣ በኋላ፣ በገዛ አበልጁ ፊት ይህን ጨርቅ ያነሣል? ቀድሞ የነፋው ማን ነው?

ደግሞ ነፋ። ይርዳው ጨርቁን ይበልጥ ከፍ አደረገ እንጂ ከስፍራው አልተነቃነቀም። ከበስተኋላው፣ ከአለቱ ማዶ፣ ጓንጉል ሊያየው የማይችለው አውቶቡስ አሥራ አንድ ሰዎች ይዞ ቆሟል። ይርዳው ሮጦ ወደ ዳር ቢወጣ ራሱን ያድን ነበር፤ መኪናው ግን አልፎት አውቶቡሱን ወደ ገደል ይገፋዋል። ይህን ስላወቀ ቆመ።

ጓንጉል ለሦስተኛ ጊዜ መዳፉን በጥሩምባው ላይ ጭኖ ሳያነሣ ያዘው። በሕይወቱ ሙሉ ይህን ድምፅ ሰምቶ ያልሸሸ አልነበረምና፣ አሁንም እስኪሸሽለት ጠበቀ። እግሩ ፍሬኑን የረገጠው የአበልጁን ዓይን ካየ በኋላ ነው። ጎማዎቹ ታሠሩ፤ ነገር ግን ጭነቱ ከኋላ እየገፋ፣ ጭቃው ከታች እያንሸራተተ ወሰደው። መሪውን ወደ አለቱ ጠመዘዘው። መኪናው ይርዳውን መትቶ፣ ከአለቱ ጋር ተላትሞ፣ ከአውቶቡሱ አፍንጫ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ።

አሥራ አንዱም ተረፉ። ይርዳው ወዲያው አረፈ። ጥሩምባው ግን በግጭቱ ሽቦው ተጣብቆ ኖሮ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ በድንጋይ እስኪሰብረው ድረስ በሬሳው ላይ ሲጮህ ቆየ። ጓንጉል ከጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ነበር።

የመንግሥት ፍርድ ቤት የሚፈርደውን ገና ሳይፈርድ፣ የአገር ሽማግሌዎች በግራር አምባ ገብርኤል ቅጥር ለእርቅ ተቀመጡ። የሟች ወንድም ደጀኔ ያቀረበው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «ጓንጉል ያደረገውን በገዛ አፉ ይናገር። ካልተናገረ ደሙን አንተውለትም።» እውነቱ ከአፉ ካልወጣ ሁለቱ ቤቶች ደም ይቃባሉ፤ ይርዳው ክርስትና ያነሣው ሕፃንም በደም መካከል ያድጋል። የማኅበሩ ሾፌሮች በአጥሩ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ግራዝማች ውብሸት ጠየቁት።

«ሰውዬውን አየኸው?»

«አየሁት። ጥሩምባ ነፋሁለት።»

«ካየኸው በኋላ ምን አደረግህ?»

«ሦስት ጊዜ ነፋሁ፣ ጌታዬ። ማኅበሩ ይመስክርልኝ፤ ሕጋችን ነው። ቀድሜ ነፍቻለሁ።»

«የጠየቅሁህ ስለ ሕጋችሁ አይደለም፣ ልጄ። መኪናህን መቼ ያዝኸው?»

ጓንጉል አፉን ከፈተ። ሌሊት ሌሊት የሚያባንነውን ነገር ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ያው ነው። «ጥሩምባ ነፋሁለት» አለ፤ ድምፁም የገዛ ራሱን ጆሮ አስቀየመው።

ሞገሴ ለምስክርነት ተጠርቶ ነበር። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣና ከብብቱ የታጠፈ ጨርቅ አወጣ። ነጭ አልነበረም፤ ጭቃና ደም ደርቆበታል። በጓንጉል ጉልበት ላይ አስቀመጠው።

ጓንጉል ጨርቁን በሁለት እጁ ያዘው።

«ሃምሳ እርምጃ ነበረኝ» አለ በመጨረሻ። «ብይዝ ኖሮ ይቆም ነበር። እግሬን ትቼ እጄን ወደ ጥሩምባው ላክሁ። እንዲሸሽልኝ ጠበቅሁ እንጂ ልቁምለት አላሰብኩም። ገደልኩት።»

ደጀኔ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ «ሰምቻለሁ» አለ። «ደሙን ትቻለሁ። ሕፃኑ የወንድሜ የክርስትና ልጅ ነውና ይምጣ፤ ቤታችን ቤቱ ነው። አንተ ግን ደጃችንን አትርገጥ።»

ጓንጉል ራሱን ዝቅ አደረገ። ይቅርታውን እንጂ ወዳጁን መልሶ እንዳላገኘ ያን ጊዜ ገባው፤ ከዚያ ቀን በኋላም ዳግመኛ መሪ አልጨበጠም።

ግራዝማች ጉባኤውን ከመበተናቸው በፊት ወደ ሾፌሮቹ ዞር አሉ። «እናንተም እጃችሁን አንሥታችኋልና ሰምታችሁ ሂዱ። ሞገሴ፣ ከላይ ሆነህ ያየኸው አንተ ነህ። ይህን ሰው ምን ገደለው? ዝናቡ ነው? ጭቃው ነው? ጭነቱ ነው?»

ሞገሴ በምርኩዙ ላይ ተደግፎ፣ አንድ በአንድ እስኪያቀረቅሩ ድረስ ሾፌሮቹን በዓይኑ ሲዞራቸው ቆየና፣ «ዝናብም፣ ጭቃም፣ ጭነትም ዘንድሮ አልተጀመረም፣ ግራዝማች፤ ይርዳውን የገደለው እነዚህ ልጆች ለማወቅ ያልፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ጥሩምባ ፍሬን አይሆንም» አለ።