«በሕግ አምላክ»ን የከለከሉት ባላምባራስ

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
፦ ምነው፣ እራት አልበላችሁም እንዴ? ጮክ በሉ እንጂ! ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
፦ እሰይ። ላም ካላችሁ አይቀር ስለ አንዲት ላም ልንገራችሁ።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ባልቴት ነበረች። ልጇ በወሊድ ሞተችባትና ሕፃን የልጅ ልጇን ታሳድግ ነበር። ያላት አንዲት ላም ብቻ ነች። ሕፃኑም የሚኖረው በላሟ ወተት ነው።

የአገሩ ገዢ ባላምባራስ ደምለው ይባላሉ። ክፉ ሰው ነበሩ፣ ምን አደባብሳለሁ! አንድ በጋ ወንዙን ከላይ ገደቡና ውሃውን ሁሉ ወደ ራሳቸው ማሳ መለሱት። ከታች ያለው አገር ደረቀ። የአንጓችም ላም ነጠፈች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ይውላል፣ ሲያለቅስ ያድራል።

በዚያ ዘመን አንድ ልማድ ነበር። የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ፣ በዳዩ ማንም ይሁን ማን ካለበት ይቆማል። ከዚያም የሁለቱን ልብስ ጫፍና ጫፉን ይቋጥሩና ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ። ዳኛ ካጡ መንገደኛም ይዳኛቸዋል።

አንጓችም ባላምባራሱ በበቅሎ ሲያልፉ ጠብቃ፦ «በሕግ አምላክ! ውሃውን ይልቀቁልኝ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው!» አለች።

ባላምባራሱ ሳቁ።

፦ «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ትሉ የለም? ውሃውን ያቆምሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ ሕጉም እኔ ነኝ።»

በማግስቱም አዋጅ አስነገሩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በሕግ አምላክ ያለ ይገረፋል!»

እግዚኦ! ይህም ይከለከላል?

ሽማግሌ ተላከባቸው፤ አልሰሙም። ቄሱ ለመኗቸው፤ አልሰሙም። ከዚያም አገሩ ተሰብስቦ መከረ። አያ ቢሻው የሚባሉ ሽማግሌ፦ «የሾማቸው ንጉሥ ነው። በሹም ላይ እጅ ማንሣት ነውር ነው» አሉ።

አንጓች ሕፃኑን እንደታቀፈች ተነሣችና፦ «አያ ቢሻው፣ ሹመቱን ንጉሥ ሰጣቸው። ዝናቡንስ ማን ሰጠን? ይህ ውሃ እሳቸው ሳይወለዱ ይወርድ ነበር። እኔ ዶማዬን ይዤ እወጣለሁ። የፈራ ይቅር!» አለች።

አያ ቢሻው ብድግ አሉና፦ «ዶማዬን አምጡልኝ» አሉ።

ወጡና ግድቡን ይንዱት ጀመር። ባላምባራሱም ሰምተው ከነአሽከሮቻቸው እየሮጡ መጡ። አሽከሮቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። እናቶቻቸውን ሲቆፍሩ ቢያዩ ጦራቸውን ጥለው ዞር አሉ። ባላምባራሱ ብቻቸውን ቀሩ። ያን ሁሉ ዶማ አዩና ሐሞታቸው ፈሰሰ።

፦ «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ።

አንዱ ጎረምሳ፦ «ከልክለውት የለም እንዴ!» ብሎ ዶማውን አነሣባቸው።

፦ «ተው! ቁም!» አለች አንጓች። «ሕጉ የእሳቸው አይደለም። እሳቸው ስለ ከለከሉት አይሻርም።»

ሁሉም ቆመ። አንጓችም የነጠላዋን ጫፍ ከኩታቸው ጫፍ ጋር ቋጠረችና ተያይዘው ወደ መንገድ ወረዱ። አንድ የጨው ነጋዴ አህዮቹን እየነዳ ሲመጣ አገኙና ዳኘን አሉት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሁለቱንም ሰማ። ከዚያም ባላምባራሱን፦ «ራስዎ የከለከሉትን ስለ ምን ጠሩት?» አላቸው።

፦ «ምን ላድርግ፣ ሞት መጣብኝ። ሌላ የምጠራው አጣሁ።»

፦ «እርሷስ፣ ሞት በልጇ ሲመጣ ማንን ትጥራ?»

ነጋዴውም ከድንጋዩ ተነሣና፦ «ውሃው ይውረድ። ግድቡን ያፈረሱት አላጠፉም። ለሕግ ያልቆመ ሹም አይደለም፣ ማንም አይታዘዝለት» ብሎ ፈረደ። ቋጠሮውን ፈታላቸውና አህዮቹን እየነዳ ሄደ።

ውሃው ወረደ። ላሟም ጠጣች፣ እያደርም ወተቷ ተመለሰ። ባላምባራሱ ከዚያ ወዲያ ቢያዝዙ የሚሰማቸው፣ ቢቆጡ የሚፈራቸው ጠፋ። የአንጓች የልጅ ልጅ ግን አደገ።

በሉ እናንተም ተረቴን መልሱ፣ የደረቀ ጉሮሮዬን በአሬራ አርሱ።